ከታካሚው ፊት የሚቀመጠው ሰው፦ የሱስ ሕክምናና የባለሙያዎቹ ሥልጠና ታሪክ

የሱስ ሕክምና ታሪክ ሲጻፍ በአብዛኛው የሚተረከው የመድኃኒቶቹ ታሪክ ነው። ዳይሰልፊራም እንዴት እንደ ተገኘ፣ ሜታዶንን ማን እንደ ጀመረው፣ ናልትሬክሶን መቼ እንደ ተፈቀደ በየመማሪያ መጽሐፉ ሰፍሮ ይገኛል። ከታካሚው ፊት ወንበር ስቦ የሚቀመጠው ሰው ማን እንደ ነበረ፣ ሙያውን ከማን እንደ ተማረ፣ ተማርሁ ያለውንስ በእርግጥ ይሠራበት እንደ ነበር ግን ብዙም አልተጠየቀም። ካለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ የወጡ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ ለታካሚው መሻልና አለመሻል ይህ ሰው ከሚከተለው የሕክምና ስልት ባልተናነሰ፣ አንዳንዴም በበለጠ፣ ወሳኝ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ ለመዳሰስ የሚሞክር ሲሆን፣ ጥናቱም ሰነዱም በብዛት የሚገኘው በአሜሪካ በመሆኑ ትረካው በዚያ ላይ ያተኩራል። በመጨረሻ ወደ አገራችን እንመለሳለን፤ በየጤና ጣቢያው የአልኮልና የጫት ተጠቃሚዎችን እንዲረዱ የሚሠለጥኑ ባልደረቦቻችን የሚሠለጥኑበት መንገድ ከዚህ ታሪክ ጋር በቀጥታ ይገናኛልና። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስካርን ከኃጢአት መዝገብ አውጥተው ወደ ሕመም መዝገብ ካስገቡት ቀደምት ሐኪሞች መካከል ሁለቱ ዘወትር ይጠቀሳሉ። አንደኛው በአሜሪካ የነጻነት ሰነድ ላይ ፊርማቸውን ያኖሩት የፊላደልፊያው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ ሲሆኑ፣ ስለ ጠንካራ መጠጦች ጉዳት የጻፉት በራሪ መጽሐፍ በ1784 ታትሞ ወጥቷል። ሁለተኛው ስኮትላንዳዊው የባሕር ኃይል ሐኪም ቶማስ ትሮተር ናቸው፤ በ1788 በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የመመረቂያ ጽሑፍ የጀመሩትን ሐሳብ በ1804 አስፍተው በመጽሐፍ አሳትመዋል። የረሽ የሕክምና ዝርዝር ደም ማውጣትንና በቀዝቃዛ ውኃ መንከርን የሚጨምር በመሆኑ ዛሬ ለማንበብ እንኳ ያስደነግጣል። ትሮተር ግን ለእኛ ርእስ የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር ጽፈዋል፤ ሐኪሙ ምንም ነገር ከመጀመሩ በፊት የታካሚውን ሙሉ አመኔታ ማግኘት እንዳለበት። ይህ ምክር በቁጥር እስኪፈተን ድረስ 175 ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረበት።

በመካከሉ የመጣው ዘመን የተቋማት ዘመን ነው። ከ1860ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ለጠጪዎች ብቻ የተለዩ ሆስፒታሎች ተከፈቱ፤ በ1870 የእነዚህ ተቋማት ሐኪሞች ማኅበር ተመሠረተ፤ ቆየት ብሎም የራሱን መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ይሁንና የሕዝቡን ቀልብ የሳበው የሐኪሞቹ ማኅበር ሳይሆን ሌስሊ ኪሊ የተባለ የኢሊኖይ ሐኪም ነው። ኪሊ በ1879 ድዋይት በምትባል ትንሽ ከተማ «የወርቅ መድኃኒት» አገኘሁ ብሎ አወጀ፤ የመድኃኒቱን አዘገጃጀት ምስጢር አድርጎ ይዞ ከመቶ በላይ ቅርንጫፎችን አስከፈተ፤ ካከምኋቸው መቶ ሰዎች ዘጠና አምስቱ ድነዋልም አለ። ይህን ቁጥር ማንም ገለልተኛ ወገን አልመረመረውም። የሚገርመው ግን ብዙ ታካሚዎች በእርግጥ መሻላቸውን መመስከራቸው ነው። ታካሚዎቹ በር አይቆለፍባቸውም፤ በከተማው እንደ ልብ ይዘዋወሩ ነበር፤ በቀን አራት ጊዜ ለመርፌ ሲሰለፉ እርስ በርስ ይጨዋወታሉ፤ ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላም በስሙ የተሰየሙ ክበቦችን አቋቁመው ይገናኙ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ከመርፌው ይልቅ ይህ ባልንጀርነት ሳይሠራ እንዳልቀረ ይገምታሉ። መለኪያ በሌለበት ግን ግምት ግምት ሆኖ ይቀራል።

ከኪሊ ተቋማት ሐኪሞች ብዙዎቹ ራሳቸው እዚያው ታክመው የዳኑ ነበሩ። ይህም እስከ ዛሬ ያልተቋጨ ክርክር አስነሣ፤ ከሱስ የተላቀቀ ሰው ሌላውን ለማከም በዚያ ብቻ ይበቃልን? የሐኪሞቹ ማኅበር መጽሔት አዘጋጅ የነበሩት ቶማስ ክሮዘርስ በ1890ዎቹ አይበቃም ብለው በጽኑ ተከራከሩ። ክርክሩ በማስረጃ ሳይሆን በሙያ ቅናትና በኩራት የተካሄደ ስለ ነበር ማንም ማንንም አላሳመነም።

ከዚያ በኋላ ሐኪሞች ከመስኩ የወጡበት ዘመን ይከተላል። የ1914ቱ የሐሪሰን ሕግና እሱን የተከተሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ለሱሰኛ ኦፒየም ነክ መድኃኒት ማዘዝን ወንጀል ስላደረጉት ብዙ ሐኪሞች ተከሰሱ፤ የቀሩትም በራቸውን ዘጉ። መንግሥት በ1935 በኬንታኪ ግዛት በሌክሲንግተን ከተማ ግማሹ እስር ቤት ግማሹ ሆስፒታል የሆነ ግዙፍ ተቋም ከፈተ። ሌክሲንግተን ለሳይንስ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ክሊፍተን ሂምልስባክ የሞርፊን መቋረጥ ምልክቶችን በነጥብ መለካት የጀመረው እዚያ ነው። ለታካሚዎቹ ያደረገው ግን ያን ያህል አልነበረም። በ1962 የታተመ አንድ የክትትል ጥናት ከዚያ ወጥተው ወደ ኒው ዮርክ ከተመለሱት ታካሚዎች ከአሥሩ ዘጠኙ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ሱሳቸው መመለሳቸውን አሳየ። በዚያው በ1935 ዓመት በኦሃዮ ግዛት በአክረን ከተማ ቢል ዊልሰን የተባለ የአክሲዮን ደላላና ቦብ ስሚዝ የተባለ ቀዶ ሐኪም ተገናኝተው የአልኮል ሱሰኞች የመረዳጃ ማኅበርን መሠረቱ። ሐኪሞች የለቀቁትን ቦታ ታካሚዎች ራሳቸው ያዙት ማለት ነው።

ሁለቱ መንገዶች የተገናኙት በሚኒሶታ ግዛት፣ ዊልማር በሚባል የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። በ1950 ኔልሰን ብራድሊ የተባለ ሐኪም የሆስፒታሉ ኃላፊ ሆነ፤ ዳን አንደርሰን የተባለ ወጣት የሥነ ልቡና ባለሙያም አብሮት ነበር። በዚያን ጊዜ ጠጪዎች ከአእምሮ ሕሙማን ጋር በአንድ ክፍል ተቆልፎባቸው ይቀመጡ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ጠጪዎችን ለይተው ለብቻቸው አኖሩ፤ በሩንም ከፈቱት። ከዚያም የባሰ ድፍረት ፈጸሙ፤ ከመጠጥ የተላቀቁ ሰዎች በደመወዝ እንዲቀጠሩ ጠየቁ። ተቃውሞው ከሁለት ወገን መጣ። የሆስፒታሉ ባለሙያዎች ያልተማረ ሰው እንዴት ታካሚ ይይዛል ሲሉ፣ ከመረዳጃ ማኅበሩ አባላት አንዳንዶቹ ደግሞ በነጻ የተቀበሉትን በገንዘብ መስጠት ነውር ነው አሉ። በ1954 የሚኒሶታ የሲቪል ሰርቪስ መሥሪያ ቤት «የአልኮል ሱስ አማካሪ» የሚል የሥራ መደብ አጸደቀ። መስፈርቱም ሁለት ዓመት ሳይጠጡ መቆየትና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቅ ነበር። በዚህ ዘርፍ የሙያ መደብ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው ማለት ይቻላል።

የዊልማር አሠራር ውበቱ አማካሪው ብቻውን አለመሆኑ ነበር። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የሥነ ልቡና ባለሙያው፣ ቄሱና አማካሪው ስለ አንድ ታካሚ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይነጋገሩ ነበር፤ አማካሪው የሚማረውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። አንደርሰን በ1961 ወደ ሄዝልደን ተዛውሮ አሠራሩን አስፋፋው፤ «የሚኒሶታ ሞዴል» ተብሎም በአገሩ ሁሉ ተሰራጨ። በ1970 ራሳቸው ከመጠጥ የተላቀቁት ሴናተር ሐሮልድ ሂዩዝ ያስጸደቁት ሕግ ከፍተኛ የመንግሥት ገንዘብ ሲያፈስስ ደግሞ ማዕከላት እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ሞዴሉ በፍጥነት ሲባዛ የተባዛው የሃያ ስምንት ቀኑ መርሐ ግብርና የግድግዳ ላይ መፈክሩ ነው። ጠረጴዛው፣ ማለትም የዕለት ተዕለቱ የመማማሪያ መድረክ፣ በብዙ ቦታ ተረሳ። በእኔ እምነት የኋላው ችግር ሁሉ ሥሩ እዚህ ነው።

ባዶውን ቦታ የሞላው ጩኸት ነበር። በ1958 በካሊፎርኒያ ቻርልስ ዴድሪች የመሠረተው ሲናነን የተባለ የሄሮይን ሱሰኞች ማኅበረሰብ «ጨዋታው» የሚባል የቡድን ሥርዓት ነበረው። አንዱን ሰው መሐል አስቀምጦ ሁሉም በየተራ ያዋርደዋል፤ እያንዳንዱ ውሸቱና ድክመቱ በስድብ ይገለጥበታል። ሐሳቡ ሱሰኛ በተፈጥሮው ካጂ ነው፣ ክህደቱም ካልተሰበረ አይድንም የሚል ነበር። ሲናነን ራሱ መጨረሻው አላማረም፤ በ1978 አባላቱ ይከስሳቸው በነበረ ጠበቃ የፖስታ ሣጥን ውስጥ መርዘኛ እባብ እስከ ማስቀመጥ ደርሰው ነበር። የማፋጠጥ ስልቱ ግን ከእሱ በፊት ወደ ብዙ ማዕከላት ተሻግሮ ነበርና ሲናነን ሲፈርስ አልፈረሰም። አማካሪዎች ሥልጠና ሲወስዱ የሚማሩት አንዱ ክሂል ታካሚን ማፋጠጥ ሆነ። የሚረዳ ይሁን የሚጎዳ አልተጠየቀም።

ጥያቄው መጠየቅ የጀመረው በሌላ አቅጣጫ ነው። በ1965 ቪንሰንት ዶልና ማሪ ናይስዋንደር በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ 22 የሄሮይን ሱሰኞችን በሜታዶን ማከማቸውን ዘገቡ። ሜታዶን ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ተፈትኖ ውጤታማነቱ የተረጋገጠ መድኃኒት ስለሆነ እዚህ አልዘገይበትም። የሚያስቆመን በ1988 በፊላደልፊያ ከአንድ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የሜታዶን ክፍል የወጣ፣ ቶማስ መክሌላንና ባልደረቦቹ የጻፉት አጭር ጥናት ነው። ሁለት አማካሪዎች በድንገት ሥራ ለቀቁ፤ ታካሚዎቻቸውም ለቀሩት አራት አማካሪዎች ያለ ምርጫ ተከፋፈሉ። ማንም ያላቀደው ሙከራ ሆነ ማለት ነው። ታካሚዎቹ ተመሳሳይ፣ ሕንፃው ያው፣ መድኃኒቱም ያው፤ የተለወጠው የአማካሪው ማንነት ብቻ ነው። ውጤቱ ግን በእጅጉ ተለያየ። የአንዱ አማካሪ ታካሚዎች የሜታዶን መጠናቸው እየቀነሰ ኑሯቸው እየተሻሻለ ሲሄድ፣ የሌላው ታካሚዎች ዕፅ መጠቀማቸው ብሶ የመድኃኒት መጠናቸውም ጨመረ። ተመራማሪዎቹ የአማካሪዎቹን ማኅደሮች ሲያገላብጡ ውጤታማዎቹ የታካሚያቸውን ዕቅድና ሂደት በሥርዓት የሚመዘግቡ፣ የክፍሉን ደንብ ሳያወላውሉ የሚከተሉ፣ የንግግር ሕክምና ስልቶችንም የሚጠቀሙ ሆነው አገኟቸው። ማኅደር መጻፍ እንደ ቢሮክራሲ ለሚቆጠርብን ሐኪሞች ይህ ግኝት ቆም ብሎ ማሰቢያ ነው።

በአልኮል ረገድም ተመሳሳይ መናወጥ ተከስቶ ነበር። በ1977 በለንደን ግሪፊት ኤድዋርድስና ባልደረቦቻቸው 100 ያገቡ ወንዶችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ በወቅቱ የነበረውን የተሟላ ሕክምና ሲያገኙ፣ ግማሾቹ ከሚስታቸው ጋር ተቀምጠው አንድ ጊዜ ብቻ ምክር ተሰጣቸው። ከዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። አንዳንዶች ይህን ሕክምና አይጠቅምም ብለው ተረጎሙት። ሌላው አተረጓጎም ግን አብዛኛው ለውጥ የሚመጣው ከሕክምናው ብዛት ሳይሆን ከሌላ ነገር ነው የሚል ነበር። ያ ሌላ ነገር ምንድን ነው?

ከመልሱ ጥቂቱን ዊልያም ሚለር የተባለ የኒው ሜክሲኮ የሥነ ልቡና ባለሙያ ሳይፈልገው አገኘው። በ1980 ባሳተመው ጥናት ሚለር የተለያዩ የባሕርይ ሕክምና ዓይነቶችን ለማወዳደር አስቦ ነበር። ከታካሚዎቹ ጥቂቶቹ የራስ አገዝ መጽሐፍ ብቻ ተሰጥቷቸው ወደ ቤታቸው ተሸኙ። በአማካይ ሲታይ እነሱም ከታከሙት አላነሱም። ሆኖም የሕክምና ባለሙያዎቹ ሲሠሩ በአንድ ወገን በሚያሳይ መስታወት ተመልክተው ስለ ነበር፣ ካርል ሮጀርስ ባስተማሩት መለኪያ እያንዳንዱ ባለሙያ ታካሚውን ምን ያህል እንደሚረዳ ደረጃ ሰጥተዋቸው ነበር። በአማርኛ ለዚህ አንድ ቃል ማግኘት ያስቸግራል፤ ርኅራኄ አይደለም፣ ሐዘኔታም አይደለም። ሌላው የተናገረውን ከነትርጉሙ ሰምቶ፣ መስማቱንም መልሶ ለተናጋሪው ማሳየት ነው። ይህ ደረጃ ከስድስት ወር በኋላ በታካሚዎቹ የመጠጥ መጠን ላይ ከታየው ልዩነት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አስረዳ። ከሁለት ዓመት በኋላም ተጽዕኖው አልጠፋም። ዝቅተኛ ደረጃ ካገኙት ባለሙያዎች ዘንድ የታከሙት ደግሞ መጽሐፍ ይዘው ወደ ቤታቸው ከሄዱት የባሰ ውጤት አሳዩ። በሌላ አነጋገር አንዳንድ ታካሚ ወደ እኛ ባይመጣ ይሻለው ነበር።

ሚለር ቀጥሎ በኖርዌይ በርገን አጠገብ በሚገኝ የአልኮል ክሊኒክ ለጥቂት ወራት ቆየ። ወጣት የሥነ ልቡና ባለሙያዎች እንዲያሠለጥን ተጠይቆ፣ እነሱ ታካሚ ሆነው ሲተውኑ እሱ ሐኪም ሆኖ ያሳያቸው ነበር። ወጣቶቹ እያቋረጡ «ለምን ይህን ጠየቅህ? ለምን ዝም አልህ?» እያሉ ወጥረው ያዙት። ሚለር ሳያውቀው ይከተለው የነበረውን ሥርዓት ቃል በቃል ለማስረዳት የተገደደው እዚያ ነው፤ በ1983ም ጽሑፍ ሆኖ ወጣ። ተነሣሽነትን የሚያጎለብት ምክክር የምንለው ስልት ከአስተማሪ ወደ ተማሪ ሳይሆን ከተማሪ ጥያቄ ወደ አስተማሪ የመጣ ነው። በ1991 ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር መጽሐፍ ሆነ።

በቋንቋችን «ምክር» እና «ምክክር» የሚሉት ቃላት ልዩነት ነገሩን በሚገባ ይገልጸዋል። «እስኪ ምከሩልኝ» ተብሎ ጠጪ ባል ወይም ልጅ ሲመጣልን የሚጠበቅብን ተው ማለት ነው። ሽማግሌውም፣ የንስሐ አባቱም፣ ሐኪሙም በየፊናቸው ተው ይሉታል። ምክክር ግን ሁለት ሰው ይጠይቃል፤ ለመተው ምክንያት የሚሆነውን ነገር መጀመሪያ የሚናገረው ታካሚው ራሱ ነው። ሚለርና ባልደረቦቹ በ1993 ባሳተሙት ጥናት 42 ጠጪዎችን በዕጣ መድበው ባለሙያዎቹ አንዳንዱን በማፋጠጥ፣ አንዳንዱን በማዳመጥ ስልት እንዲያነጋግሩ አደረጉ። በሁለቱ ምድቦች መካከል ጎልቶ የወጣ የመጠጥ ልዩነት አልነበረም። ንግግሮቹ አንድ በአንድ ሲመረመሩ ግን ባለሙያው ይበልጥ ባፋጠጠ ቁጥር ታካሚው ከዓመት በኋላ ይበልጥ ይጠጣ ነበር። «ክህደት» ሲባል የኖረው የታካሚው ጠባይ ከፊሉ ከባለሙያው አንደበት የሚወለድ ሆኖ ተገኘ።

የዳኑ ሰዎች የመሠረቱት መንገድ በዚህ ሁሉ ተሸንፎ የወጣ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ተሳስቷል። በ1997 ውጤቱ የታተመው «ፕሮጀክት ማች» የተባለ ጥናት 1,726 ታካሚዎችን በሦስት ዓይነት ሕክምና መደበ፤ አንደኛው የባሕርይ ሕክምና፣ ሁለተኛው የሚለር ስልት፣ ሦስተኛው ታካሚውን ወደ መረዳጃ ማኅበሩ የሚያስገባ ምክክር ነበር። ሦስቱም ተቀራራቢ ውጤት አስገኙ። በ2020 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ደግሞ 27 ጥናቶችን መርምሮ፣ ወደ ማኅበሩ የሚያገናኝ ሥርዓት የያዘ ሕክምና ሙሉ በሙሉ መጠጥ በማስቆም ረገድ ከሌሎቹ ስልቶች እንደሚበልጥ አረጋገጠ። የክሮዘርስና የኪሊ ሰዎች ክርክር የተሳሳተ ጥያቄ ላይ ቆሞ የነበረ ይመስለኛል። ዋናው ነገር አማካሪው ከሱስ የተላቀቀ ነው ወይስ ዲግሪ ያለው የሚለው አይደለም።

ታዲያ ማዳመጥን ማስተማር ይቻላልን? የዚህ ታሪክ በጣም ጠቃሚ ምዕራፍ ይህ ነው። የሚለር ስልት ተፈላጊ ሲሆን ሥልጠናው በየቦታው ተጀመረ፤ ሁለት ቀን፣ አንድ አዳራሽ፣ አንድ አሠልጣኝ። በ2001 ሚለርና ካትሊን ማውንት የራሳቸውን ሥልጠና ለመፈተን ጥቂት የአመክሮ አማካሪዎችን ከሥልጠና በፊትና በኋላ በቴፕ ቀዱ። ሠልጣኞቹ በጽሑፍ መጠይቅ ሲጠየቁ ብዙ እንደ ተማሩና እንደሚሠሩበትም አረጋገጡ። ቴፑ ግን ሌላ ተናገረ። አነጋገራቸው በመጠኑ ቢለወጥም የቆየው ልማዳቸው አልለቀቃቸውም፤ ታካሚዎቻቸውም አነጋገራቸውን ጨርሶ አልለወጡም። አሠልጣኞቹ ያሳሰባቸው ሌላም ነገር ነበር፤ ሠልጣኞቹ አሁን ስልቱን አውቀነዋል ብለው ስለሚያምኑ ከእንግዲህ የመማር ፍላጎታቸው ሊጠፋ ይችላል።

ሚለር የገዛ ሥልጠናውን ውድቀት አሳትሞ ማውጣቱ የሚያስመሰግነው ነው፤ ከዚያም አልፎ ሄደ። በ2004 የታተመው ተከታዩ ጥናት 140 ፈቃድ ያላቸው የሱስ ሕክምና ባለሙያዎችን በዕጣ በአምስት መደባቸው። አንዱ ምድብ መጽሐፍና ቪዲዮ ብቻ ወሰደ፤ አንዱ ሁለት ቀን ሠለጠነ፤ አንዱ ከሥልጠናው በኋላ የቀዳው ቴፕ እየተደመጠ የጽሑፍ አስተያየት ይላክለት ነበር፤ ሌላው በስልክ የተናጠል ልምምድ ያደርግ ነበር፤ የመጨረሻው ሁለቱንም አገኘ። ለብቻቸው ያነበቡት ብዙም አልተለወጡም። ሥልጠናውን ብቻ የወሰዱት ወዲያው ቢሻሻሉም በአራተኛው ወር ያገኙት ወደ ኋላ ተመለሰ። ክሂላቸውን ይዘው የቆዩት አስተያየት ወይም ልምምድ ያገኙት ናቸው። የታካሚው አነጋገር የተለወጠው ደግሞ ሁለቱንም ባገኙት ዘንድ ብቻ ነው። በዊልማር የነበረው ጠረጴዛ ሃምሳ ዓመት ዞሮ በቴፕና በስልክ መልክ ተመለሰ።

ትምህርትን በሰዓት የመለካት ልማድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። የአሜሪካ መንግሥት በ2000 ባወጣው ሕግ ቡፕረኖርፊንን ለሱስ ማዘዝ የሚፈልግ ሐኪም 8 ሰዓት ሠልጥኖ ልዩ ፈቃድ እንዲያወጣ ግዴታ ጣለ። ብዙ ሐኪሞች ስምንቱን ሰዓት እንደ አጥር ቆጥረው ከውጭ ቀሩ፤ መድኃኒቱ የሚያድናቸው ሰዎችም በየዓመቱ በብዙ ሺህ ሞቱ። ፈረንሳይ በ1990ዎቹ አጋማሽ ያለ እንዲህ ያለ ፈቃድ ለጠቅላላ ሐኪሞች ስትፈቅድ በመጠን በላይ ዕፅ የሚከሰተው ሞት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጅጉ ቀንሶ ነበር። አሜሪካ ልዩ ፈቃዱን የሰረዘችው በ2022 መጨረሻ ነው። ያው ሕግ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች የሚያዝዝ ሐኪም ሁሉ ስለ ሱስ አንድ ጊዜ እንዲሠለጥን ያዝዛል፤ የሰዓቱም ብዛት እንደ ገና 8 ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት በ2003 ሲጀመር፣ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በየጊዜው እየመጡ ከሬዚደንት ሐኪሞች ጋር ታካሚ አብረው በማየት ያስተምሩ ነበር። የአስተምህሮቱ ጥንካሬ አብሮ በማየቱ ላይ ነው። ከ2010 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና አገልግሎት ክፍተትን ለመሙላት ያዘጋጀው መመሪያ በኢትዮጵያም ሥራ ላይ ሲውል የአልኮልና የዕፅ ችግር ከምዕራፎቹ አንዱ ነበር፤ የጤና መኮንኖችና ነርሶችም ለጥቂት ቀናት ይሠለጥኑበታል። በጉራጌ በሶዶ ወረዳ በተካሄደው የፕራይም ፕሮጀክት አልኮል ከአራቱ ትኩረት ሕመሞች አንዱ ሲሆን፣ በዚያው ወረዳ የተደረገ ጥናት የአልኮል ችግር ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ እርዳታ ፈልገው እንደማያውቁ አሳይቷል። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስት አስወግዶ ከ21 ዓመት በታች ላሉ መሸጥን ከልክሏል። ሕጉ የአቅርቦቱን በር በመጠኑ ዘጋ፤ የሕክምናውን በር የሚከፍተው ግን የሠለጠነ ሰው ነው።

የአገራችን የሥልጠና ባህል አንባቢው የሚያውቀው ነው። አዳራሽ ይከራያል፤ ፍሊፕ ቻርት ይሰቀላል፤ ቅድመና ድኅረ ፈተና ይሰጣል፤ አበል ይከፈላል፤ ሰርተፊኬት ይታደላል፤ የሪፖርቱ ዋና ቁጥርም የሠልጣኞች ብዛት ነው። ድኅረ ፈተና የሚለካው በ2001ዱ ጥናት መጠይቁ የለካውን ነው፤ ቴፑ የለካውን አይለካም። ድጋፋዊ ክትትል የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ መዝገብና የመድኃኒት ክምችት ያያል እንጂ ነርሷ ከታካሚው ጋር ስትነጋገር ተቀምጦ የሚያዳምጥ ተቆጣጣሪ እምብዛም አይገኝም።

በእኛ ዘንድ ማዳመጥ የሚጠይቀው የአካባቢ ዕውቀት ደግሞ ከመመሪያው ውስጥ አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት አሥር ጥያቄዎች ያሉት የአልኮል መጠይቅ ስንት መደበኛ መጠጥ እንደሚጠጣ ይጠይቃል፤ ታካሚው ግን የሚቆጥረው በመለኪያ አረቄ፣ በብርሌ ጠጅና በጣሳ ጠላ ነው፤ የየቤቱም ጥንካሬ ይለያያል። ጫት የሚቅም ሰው መጠጥ ትጠጣለህ ሲባል አልጠጣም ይላል፤ ጨብሲስ ሲባል ግን ያወራል። ምርቃናውን ለማብረድ የሚጠጣውን እንደ መጠጥ አይቆጥረውምና። ለጫት ሱስ እስከ ዛሬ የተረጋገጠ መድኃኒት ስለሌለ ያለን መሣሪያ ንግግር ብቻ ነው፤ በናይሮቢ በሚኖሩ 330 ሶማሊያውያን ቃሚዎች ላይ ተካሂዶ በ2017 የታተመ ጥናትም አጭር ምክክር የመቃሚያ ጊዜን እንደሚቀንስ አመልክቷል።

ቴፕ ዛሬ በየኪሳችን አለ። የታካሚው ፈቃድና ምስጢሩ እስከ ተጠበቀ ድረስ አንድ የጤና ጣቢያ ነርስ በወር አንድ ቃለ ምልልስ በስልኳ ቀድታ፣ በዞኑ ሆስፒታል ያለ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሰምቶት ለግማሽ ሰዓት ቢነጋገሩበት የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ ቀን አዳራሽ ኪራይ አይበልጥም። በአሁኑ አሠራር ግን ለዚህ ግማሽ ሰዓት የበጀት ርእስ የለውም፤ አዳራሹ ግን አለው።